የአትላንታ ስፌቶች

በፈረንጆቹ ጁን 3 ቀን 1962 ከፓሪስ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ለመነሳት የተንደረደረ ቦይንግ 707 አልነሳ ብሎ ሜዳውን ጨርሶ ወጣና ተከሰከሰ። ከሞቱት 130 ሰዎች 106ቱ የአትላንታ የሥነ ጥበብ ወዳጆች ነበሩ። አንድ ወር ያህል በአውሮፓ ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ሙዚየም ሲጎበኙ ከርመው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነበር። አትላንታ ሥዕል የሚገዙላትን፣ ለጥበብ ገንዘብ የሚያዋጡላትን ሰዎች በአንድ ቀን አጣች። የሉቭር ሙዚየም በዚያው ዓመት «የዊስለር እናት» እየተባለ የሚጠራውን ታዋቂ ሥዕል ለከተማዋ አውሶ ላከ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ «ጥላ» የተሰኘውን የሮዳን የነሐስ ሐውልት ሰጠ። በ1968 በሟቾቹ ስም የመታሰቢያ የጥበብ ማዕከል ተከፈተ። ዛሬ ዉድራፍ የሚባለውና ሃይ ሙዚየምን የያዘው ግቢ የበቀለው ከዚያ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ እዚህ አገር ስንኖር ሁለቱን ስናምታታ ውለን ነው የምናድረው።)

ጥሩ ነገር ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ይመስላቸው ለነበሩ ሰዎች ከተማቸው ዛሬ ሌላ ናት። ግን እኛም፣ በክላርክስተንና በዙሪያው የሰፈርን ሐበሾች፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን የምናስጎበኘው ነገር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የዓሣ ቤቱ፣ የኮካ ኮላ ቤት፣ የዶክተር ኪንግ መቃብር፣ ስቶን ማውንቴን፣ ቀሪው ጊዜ ደግሞ ሞል ለሞል። የኪንግ መቃብር ይገባል፤ ሳያዩት መሄድ ነውር ነው። የዓሣ ቤቱም ልጅ ላለው ሰው ጥሩ ነው። የቀረውን ግን እንግዳው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል እንጂ ቀርቦ የሚያየው ነገር የለውም።

ቀርቦ ማየት ነው የኔ ጉዳይ። ላሊበላን እያየ ያደገ ሰው የእጅ ሥራን የሚመዝነው ከአንድ ዐለት በመውጣቱ ነው፤ መገጣጠሚያ የለውም፣ ታምሩም እሱ ነው። አትላንታ በዚህ በኩል ምንም የላትም። በ1864 ተቃጥላለች፤ ከዚያ ወዲህም ያላትን እያፈረሰች፣ በላዩ እየገጣጠመች የኖረች ከተማ ናት። ስለዚህ የባለሙያ እጅ ካለ የሚገኘው ሁለት ነገሮች በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ጨርቅ ከጨርቅ፣ ጄሶ ከብረት፣ ሥዕል ከአፈር። እንግዳዬን ይዤ የምሄድባቸው ሦስት ቤቶች አሉ፤ በሦስቱም ዓይኔ የሚያርፈው እዚያው መስመር ላይ ነው።

ከሃይ ሙዚየም እጀምራለሁ። በ1983 የተከፈተውን ነጩን ሕንፃ የነደፈው ሪቻርድ ማየር ነው። ከሩቅ የተቀባ ግንብ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ኢናሜል የለበሰ ላሜራ ነው፣ በልጅነታችን ሻይ የጠጣንበት ነጭ ኩባያ ላይ ያለው ያው በእሳት የሚጋገር ልባስ። ላሜራዎቹ አራት ማዕዘን ሆነው ተሰድረዋል። በሁለት ላሜራ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት በዓይን መከተል ነው፤ መስመሩ ግድግዳውን ያዳርሳል እንጂ እንደ ልቡ አይቆረጥም። ሬንዞ ፒያኖ በ2005 ሦስት ሕንፃዎች ሲጨምርበት ጣሪያው ላይ 1,000 የብርሃን መቅጃዎች ተከለ፣ ሁሉም ወደ ሰሜን የዞሩ። በአዲስ አበባ ይህ ብልሃት አይሠራም ነበር፤ እኛ ዘንድ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ራሷ በሰሜን በኩል ታልፋለችና በቀጥታ ትገባ ነበር። በአትላንታ ግን የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወርደው ብርሃን ጨረር የሌለው፣ ጥላ የማይጥል ነው። ሕንፃውን በዚህ አበቃሁ፤ ስለ ሥነ ሕንፃ ብዙ ተጽፎለታል።

እኔን የሚይዘኝ ውስጥ ያለው ጨርቅ ነው። ሙዚየሙ በ2017 ከሶልስ ግሮውን ዲፕ ፋውንዴሽን 54 ሥራዎችን ሲያገኝ 13ቱ በአላባማ ክፍለ ግዛት ጂዝ ቤንድ በምትባል መንደር ሴቶች የተሰፉ የአልጋ ልብሶች ነበሩ። ጂዝ ቤንድ የአላባማ ወንዝ ተጠምዝዞ በሦስት በኩል የከበባት ቦታ ናት። ነዋሪዎቿ በፔትዌይ እርሻ በባርነት የሠሩ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ የባለ እርሻውን ስም እስከ ዛሬ ይጠሩበታል። በ1962 የመንደሩ ሰዎች ወንዙን እየተሻገሩ ለምርጫ መመዝገብ ሲጀምሩ ባለሥልጣኖቹ ጀልባውን አስቆሙት። እስከ 2006 አልተመለሰም። እነዚህ ጨርቆች በዚያ ሁሉ ዘመን ንፋስ በሚያስገባ የእንጨት ቤት ውስጥ ለልጆች የተደራረቡ ናቸው። ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አሠራሩ ሦስት ሽፋን ነው። ከላይ የተገጣጠመው እራፊ፣ መሐል የተባዘተ ጥጥ፣ ከሥር ገበር፤ ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው የእጅ ስፌት ነው። ከሩቅ የምናየው ቀለሙን ነው። ሦስት እርምጃ ሲጠጉ ግን ስፌቱ በራሱ ሌላ ሥዕል ይሠራል፤ እራፊዎቹ ቀጥ ብለው ሲወርዱ ክሩ በላያቸው ቅስት እየሠራ ያልፋል፣ እጅ ክርኑ ላይ ሆኖ የሚደርስበትን ያህል እየዞረ። ከሥራ ልብስ የተሰፋ ሲሆን ደግሞ የሚነበብ ነገር አለው። ጉልበቱ የነጣ ሱሪ ተቀድዶ ተዘርግቷል፤ ኪሱ የተፈታበት ቦታ ፀሐይ ስላላገኘው ሰማያዊው እንደ አዲስ ጠቁሮ ቀርቷል። ሰፊዋ ያን ጥቁር አራት ማዕዘን ልትደብቀው ትችል ነበር፤ ጨርቁን ገልብጣ ብትሰፋው አይታይም። እሷ ግን ንድፏ ውስጥ አስገብታዋለች።

«ሃውስቶፕ» ይሉታል አንዱን ስልት፤ ከመሐል ትንሽ ጨርቅ ተነስተው ዙሪያውን ቅዳጅ እየጨመሩ ወደ ውጭ የሚያሰፉበት። በማስመሪያ የሚሠራ ሰው አራቱንም ጎን እኩል ያደርገው ነበር። የጂዝ ቤንድ ሴቶች አንዱን ጎን ያሳስታሉ፣ ሌላውን ያወፍራሉ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለውን መጋጠሚያ አንድ ጣት ያህል አሳልፈው ይቆርጡታል፤ መሐሉ ላይ ያለችው ጨርቅም ቀስ ብላ የምትዞር ትመስላለች። ችሎታ ማነስ ነው የሚል ካለ የመርፌውን እርምጃ ይቁጠር። እሱ አይዛነፍም።

ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ አንድ እናት ወስጄ ነበር። ገና ከበሩ፣ «ይሄማ ድሪቶ አይደለም እንዴ ልጄ? ለዚህ ነው ቲኬት ያስቆረጥከኝ?» አሉኝ።

«ጠጋ ብለው ይዩት እስቲ እማማ።»

መነጽራቸውን አወጡ። ጥበቃው ሁለቴ ወደ ኋላ በሉ እስኪላቸው ድረስ ተጠጉ። ከብዙ ዝምታ በኋላ በጣታቸው ወደ አንድ ጥግ እያመለከቱ፣ «እዚህ ጋ ጨርቅ አልቆባታል» አሉ፤ «ግን አላፈረችበትም። ቀዩን አምጥታ ገላገለችው።» ከዚያ ክፍል ለማስወጣት ምሳ ርቦኛል ማለት ነበረብኝ። የሙዚየም ጽሑፎች በብዙ መስመር የሚሉትን እሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ስለ ኮርዶሮዩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በመንደሩ አካባቢ በ1966 ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ በ1972 ሲርስ ከሚባለው ትልቅ ሱቅ የኮርዶሮይ የትራስ ልብስ ለመስፋት ውል አገኘ። ሴቶቹ በፋብሪካ ሥርዓት እኩል እኩል ሲሰፉ ይውሉና ቅዳጁን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። ወርቃማ፣ ብርቱካንማ፣ ደማቅ ቀይ፣ የአቮካዶ አረንጓዴ፣ የዚያ ዘመን ሶፋ ሁሉ ቀለም። ኮርዶሮይ ደግሞ ጠጉርና ጎድን አለው፤ በአንድ በኩል ሲዳስሱት ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። ሁለት ቁራጭ ከአንድ ጣቃ ወጥተው አንዱ ቢገለበጥ አንዱ ፈዝዞ፣ ሌላው ጠልቆ ይታያል። የሲርስ ተቆጣጣሪ ይህን ቢያይ ትራሱን ይመልሰው ነበር። የመንደሯ ሰፊ ቤቷ ገብታ ሆን ብላ ትገለብጠዋለች፤ በአንድ ቀይ ጨርቅ ሁለት ቀይ ታወጣለች። ይህን ለማየት ፊት ለፊት መቆም አይበቃም፤ ከጎን ወደ ጎን እየተራመዱ ቀለሙ ሲለዋወጥ መጠበቅ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሰቀሉም፣ ጨርቅን ብርሃን ይጎዳዋልና፤ የተሰቀለውን ማየት ነው።

ፎክስ ቲያትር ከሃይ ሙዚየም በዚያው በፒችትሪ መንገድ ወደ መሐል ከተማ ወረድ ብሎ ነው። ያራብ ቴምፕል የሚባል የሽራይነሮች ማኅበር ለራሱ መሰብሰቢያ ብሎ የጀመረው፣ ገንዘብ ሲያጥረው ለፊልም ነጋዴው ዊልያም ፎክስ ያከራየው ሕንፃ ነው። በ1929 በፈረንጆቹ የገና ዕለት ተከፈተ፤ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ሁለት ወር ብቻ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ውጭው ሚናሬትና ጉልላት ነው፣ ውስጡ አንዱ ክፍል የፈርዖን፣ ሌላው የአንዳሉስ። ሐረርን ወይም ካይሮን ያየ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ምሥራቅን በፖስት ካርድ ያወቁ ሰዎች ቅዠት ነውና። እኔም መጀመሪያ የሳቅሁት በዚያ ነበር። ጄሶውን እስከማይ።

ቤቱ የሚዋሸው በጄሶ ነው፣ ውሸቱም እጅግ ጥሩ ነው። ከመተላለፊያው በላይ ተሸክመው የቆሙት የሚመስሉት ጥርብ ወራጆች የእንጨት ዘር የላቸውም። ጄሶ ተቀርጾ፣ ደርቆ፣ የእንጨት ሥር ተሥሎበት ነው። ቀለም ቀቢው ቋጠሮውን ሳይቀር አስገብቶበታል፣ ስንጥቁንም። ዋናው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ከሰገነቱ በላይ ባለ ሸንተረር ትልቅ ድንኳን ተዘርግቷል፤ ጨርቁ በገመድ ተወጥሮ መሐሉ ረገብ ብሏል። እሱም ጄሶና ብረት ነው። ጠንካራ ነገር ረግቦ እንዲታይ ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልስን የሠራ ሰው ይመስክር፤ ጄሶ በተፈጥሮው ቀጥ ማለት ነው የሚወደው። ድንኳኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ከመድረኩ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ሰገነት ላይ ለተቀመጠው ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው፤ በጠቆረው ጣሪያ ላይ 96 ክሪስታሎች ከኋላቸው መብራት ተደርጎላቸው እንደ ኮከብ ያበራሉ፣ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይርገበገባል። ሁሉም ቢርገበገቡ የገና መብራት ይሆኑ ነበር። ይህን ልክ ያወቀውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስሙን አላውቅም፤ ለኔ ከአርክቴክቶቹ አያንስም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሳውዘርን ቤል የተባለው የስልክ ኩባንያ ለዋና መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ቦታውን ሲፈልገው ሊፈርስ ነበር፤ ያተረፈው ገንዘብ ያሰባሰበው የከተማው ሕዝብ ነው። ዛሬ ቲያትሩ የራሱ የዕድሳት ባለሙያዎች አሉት፤ ልፋታቸውም ዛሬ የጠገኑት ከ1929ኙ ጋር የተገናኘበት መስመር እንዳይታይ ነው። ጉብኝት የያዘ ሰው ግን አንድ የማያምር መጋጠሚያም እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ከውጭ በግድግዳው ተለጥፎ የሚወጣ ደረጃ አለ። ጥቁር ተመልካች ቲኬቱን በሌላ መስኮት ቆርጦ፣ በዚያ ደረጃ እስከ ላይኛው ሰገነት ወጥቶ፣ በዚያው ይወርድ ነበር። ጄሶ የለበት፣ ቅብ የለበት።

ሦስተኛውና ለኔ ትልቁ በባክሄድ ሰፈር፣ በአትላንታ ሂስትሪ ሴንተር ውስጥ ያለው ሲክሎራማ ነው። ክብ ሥዕል ማለት ነው፤ ቁመቱ 15 ሜትር፣ ዙሪያው 113 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ4,500 ኪሎ በላይ። «የአትላንታ ጦርነት» ይባላል፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተካሄደውን የጁላይ 22 ቀን 1864ቱን ውጊያ የሚያሳይ። ሲኒማ ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ሥዕል ንግድ ነበር፤ ሕዝብ ከፍሎ ይገባል፣ መሐል ቆሞ ይዞራል፣ ሲሰለች ሸራው ተጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይጫናል። ከብዙዎቹ የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው።

የሠሩት አሜሪካን ፓኖራማ ካምፓኒ በሚባል የሚልዋኪ ድርጅት የተቀጠሩ ጀርመኖች ናቸው፣ መሪዎቻቸው ፍሪድሪሽ ሃይነና ኦገስት ሎር። በ1885 አትላንታ መጥተው ውጊያው በተካሄደበት ቦታ 12 ሜትር ያህል የእንጨት ማማ ሠሩና ከላዩ ሆነው አገሩን ነደፉ፤ ጦርነቱን በሠዓሊነት ተከታትሎ የነበረው ቲዮዶር ዴቪስም ይመክራቸው ነበር። ተመልሰው ሚልዋኪ ውስጥ ሥራውን ተከፋፈሉት፤ መልክዓ ምድር የሚችል መልክዓ ምድሩን፣ ፈረስ የሚችል ፈረሱን፣ ሰው የሚችል ሰውን። በ1886 ሚኒያፖሊስ ላይ ለሕዝብ ታየ። ይህን ካወቁ በኋላ ሥዕሉ ውስጥ የእጅ ልዩነት መፈለግ ደስ ይላል። እኔ እጅግ የምወደው የፈረሶቹን ሠሪ ነው። ጀነራል ጆን ሎጋን እየጋለበ የሚመጣበት ፈረስ አንገቱ ላይ ያለው ጡንቻ በጥቂት ሰፋፊ የብሩሽ ግርፋት ብቻ ወጥቷል፤ ከቅርብ ቢያዩት ጭረት ነው፣ ተመልካቹ ከሚቆምበት ማማ ግን ላቡ ይታያል።

የአድዋን ሥዕል እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ሌላ ዓለም ነው። የኛ ሠዓሊ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ንጉሡንና እቴጌይቱን በቦታቸው፣ ጠላትን ማዶ ያሰልፋል። የኛዎቹ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ጠላት በጎን ባንድ ዓይን። ማን ማን እንደሆነ፣ እግዜርም ከማን ጋር እንደነበረ አንድም ሰው አይሳሳትም፤ ሰዓቱ ግን ስንት ነው ቢባል መልስ የለውም፣ የማንም ጉዳይ ስላልሆነ። የአትላንታው በተቃራኒው ሰዓት አለው፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ። የሚቆሙበትም ቦታ አንድ ነው። ሥዕሉ ማን ልክ እንደነበር አይናገርም፤ አንተ እዚህ ብትቆም ይህን ታይ ነበር ይላል። ይህ ቀዝቃዛነት መጀመሪያ ቅር ይለኛል። ቆይቶ ግን ለዚያ ቅዝቃዜ ምን ያህል ብልሃት እንደወጣበት ሳይ እገረማለሁ።

ብልሃቱ ሸራው አሰቃቀል ላይ ይጀምራል። ከላይ ክብ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ከታች በክብደት ሲወጠር ሸራው መሐሉ ላይ ወገብ ያወጣል፣ ወደ ተመልካቹ ይጠጋል፤ ላይና ታቹ ይርቃል። አድማሱ የተሣለው እዚያ ወገቡ ላይ ነው። ስለዚህ ሰማዩ በላያችን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መሬቱም ከእግራችን ሥር ይርቃል። በ1921 በግራንት ፓርክ ሲሚንቶ ቤት ሲሠራለት ቤቱ ጠበበውና ከላይ ሁለት ሜትር ያህል ሰማይ፣ ከጎንም ቁራጭ ቆርጠው አስገቡት። ወገቡም ጠፋ። እንዲያ ሆኖ ወደ መቶ ዓመት ቆየ። በ2017 የግራንት ፓርኩን ጣሪያ በስተው፣ በሁለት ግዙፍ የብረት ጥቅል ጠቅልለው በክሬን አወጡት። በ2019 እዚህ ሲከፈት ወገቡ ተመልሶለት፣ የጎደለው ሰማይ እንደገና ተሥሎለት ነበር። የጣና ገዳማት ሠዓሊዎች ጨርቅ ላይ ሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ችግራቸው ጨርቁ ግድግዳ እንዲመስል ነበር፤ እዚህ የተለፋው ጨርቁ ጭራሽ እንዳይኖር ነው።

አዲስ የተሣለውን ሰማይ ከአሮጌው የሚለየውን መስመር ለማግኘት ብዙ ዓይኔን አጥብቤያለሁ። አላገኘሁትም። የደመናው ጫፍ አዲሱ ላይ ጀምሮ አሮጌው ላይ ይጨርሳል።

ሥዕሉ ሌላ ዓይነት ስፌትም ነበረበት። የተሣለው ላሸነፈው ለሰሜን ሕዝብ ነው። በ1892 ፖል አትኪንሰን የሚባል ነጋዴ አትላንታ ሲያመጣው ለተሸነፈው ለደቡብ ሕዝብ መሸጥ ነበረበትና ተማርከው የሚነዱትን ግራጫ ለባሽ የደቡብ ወታደሮች ሰማያዊ አልብሶ የሚሸሹ የሰሜን ወታደሮች አደረጋቸው። አንድ ባልዲ ቀለም፣ አንድ ድል። (በኛም አገር አዲስ ደጋፊ ሲመጣ አሮጌው ቅብ የሚሸፈንበት ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ አያውቅም።) በኋላ ተገፍፎ ተስተካክሏል። በ1898 ለከተማው ያበረከተው ጆርጅ ግረስ የከሰረ ሰርከስ እንስሳትን ገዝቶ የአትላንታን የአራዊት ማቆያ ያስጀመረ ሰው ነው፤ የጣዕሙን ስፋት አደንቃለሁ። ከ1979 እስከ 1982 የተካሄደውን ትልቁን ዕድሳት ያስጀመረው ደግሞ የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሜናርድ ጃክሰን ነው። ሥዕሉን ለማትረፍ ሲነሳ፣ ሰሜን ያሸነፈበት ይህ ውጊያ ለወገኖቹ ነፃነት የረዳ መሆኑን ነበር ያስታወሰው።

አሁን ወደ አፈሩ። ከማማው ሥር እስከ ሸራው ያለው ባዶ ቦታ በ1930ዎቹ በመንግሥት የሥራ ፈጠራ ገንዘብ በተቀጠሩ ሠራተኞች ተሞላ። ቀይ የጆርጂያ አፈር የሚመስል መሬት፣ ቁጥቋጦ፣ የተሰበረ እንጨት፣ 128 የጄሶ ሰዎች። መሬቱ ወጣ ገባ እያለ ይሄድና የሆነ ቦታ ላይ ሥዕል ይሆናል። የት ላይ? ዓይን በሁለት ነገር ይታለላል። አንደኛው ቀለሙ ነው፤ የአፈሩ ቀይ ሸራው ላይ ካለው ቀይ ጋር አንድ እንዲሆን ተደርጎ የመሬቱ ጫፍ በትንሽ እብጠት ተደብቋል፤ የሸራው ግርጌ ከእብጠቱ ጀርባ ስለሚጀምር መጋጠሚያውን የሚያይ ሰው የለም። ሁለተኛው መጠን ነው፤ የጄሶ ሰዎቹ ከፊት ትልልቅ ሆነው ወደ ሸራው እየቀረቡ ሲሄዱ ያንሳሉ። መጨረሻ ላይ ያለው ጄሶ ከተሣለው ጎረቤቱ ጋር እኩል ይሆናል። የማይረባ የሚመስል ጥላ አለ፤ አንዱ የጄሶ ሰው ጥላው የተቀባ ነው፣ መብራቱ ከሌላ በኩል ቢመጣም ሥዕሉ ውስጥ ካሉት ጥላዎች ጋር እንዲስማማ።

ሙዚየሙ ተመልካቹ ማማው ላይ ሲወጣ በሸራው ላይ አጭር ፊልም ያሳያል፣ በብርሃንና በድምፅ ታሪኩን እየተረከ። ለኔ አላስፈላጊ ነው፤ 1886 ላይ ያለ ምንም ድምፅ የሠራውን ነገር አሁን በስፒከር ማገዝ ሠዓሊዎቹን አለማመን ይመስለኛል። ቢሆንም የሚከለክል የለም፤ ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወርድ መቅረት ይቻላል። ያኔ ነው ባዶ እጅ ሆኖ ዙሪያውን መሄድ የሚቻለው፣ ጠባቂዎቹም አይቸኩሉም።

አስጎብኚዎች መጀመሪያ ጣታቸውን የሚቀስሩት በክላርክ ጌብል ላይ ነው። «ነፋስ ይዞት ሄደ» የሚለው ፊልም በዲሴምበር 1939 አትላንታ ላይ ሲመረቅ ተዋንያኑ ሲክሎራማውን ጎበኙ፤ ጌብል የጎደለው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ቀለደ ይባላል፣ ከወደቁት የጄሶ ወታደሮች አንዱም የሱ ፊት ተሠራለት። ሰው ሁሉ ቀጭኗን ፂም ፈልጎ ካገኘ በኋላ ስልኩን ያወጣል። ፂሙን ካገኛችሁ በኋላ ከሱ ወደ ሸራው ዓይናችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ውሰዱና የመጨረሻዎቹን የጄሶ ሰዎች ፈልጉ። አጠገባቸው ቢቆሙ ከጉልበት እምብዛም አያልፉም፤ ከማማው ግን ሙሉ ወንድ ናቸው፣ ከኋላቸው ያለው ሰው ደግሞ ቀለም ብቻ ነው። እንግዳዬን የትኛው የቱ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ይሳሳታል፣ ያኔ ቲኬቱን የከፈልኩበት አይቆጨኝም።